ተቅማጡን የሚያመጣው ጥርስ አይደለም

በብርዱ ወራት በፒስጋት ዘኤቭ አንድ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። የሰባት ወር ሕፃን አያቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል፤ ያስቀምጠዋልም። እናቲቱ ሐኪም ዘንድ ልትወስደው ስትነሣ አያቱ፣ «ጥርስ ሊያወጣ ነው። ውሃ አታብዢበት፤ ይብስበታል» አሉ። ሕፃኑ ግን ከጠዋት ጀምሮ አልሸናም፤ ሲያለቅስም እንባ አልነበረውም።

አያቱ የተናገሩት ከፍቅር ነው። ጥርስ የሚበቅለው ስድስት ወር ገደማ ነው። በዚሁ ጊዜ ሕፃኑ መዳህ ይጀምራል፤ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ ከእናቱ ያገኘው የመከላከያ ኃይልም እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ጥርሱና በሽታው አብረው ይመጣሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አያመጣም። በአገር ቤት በዚሁ እምነት የሕፃናት የወተት ጥርስ ከድድ ውስጥ ይነቀል ነበር። በ1990ዎቹ ዓመታት የእስራኤል የጥርስ ሐኪሞች ከኢትዮጵያ በመጡ ልጆች ላይ የክራንቻ መጉደልና የሚተካው ጥርስ መበላሸት አግኝተው ጽፈዋል። ተቅማጡን ግን ጥርስ መንቀል አያቆመውም።

በሕፃናት ላይ ብዙውን ጊዜ ይህን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ ነው። ሮታ ቫይረስን በ1973 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን ከተማ፣ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቻቸው በታመሙ ሕፃናት አንጀት ውስጥ አገኙት። ኖሮ ቫይረስ፣ አዴኖ ቫይረስና አስትሮ ቫይረስም አሉ። አንጀትን ስለሚጎዱ ውሃና ጨው በሚገባ መምጠጥ ያቅተዋል። ከእጅ ወደ አፍ ይተላለፋሉ፤ በማዖን አንድ ልጅ ሲታመም ሌሎቹ የሚከተሉትም ለዚህ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይገድልም።

ሕፃኑን ለአደጋ የሚያጋልጠው የሚወጣው ውሃ ነው። ስለዚህ መጠጥ መከልከል ሳይሆን መስጠት ያስፈልጋል። ጡት አይቋረጥ። ከፋርማሲ የሚገዛውን የጨውና የስኳር ዱቄት በወረቀቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ በጥብጣችሁ፣ በየጥቂት ደቂቃው በሻይ ማንኪያ ስጡት። ቢያስመልሰው አሥር ደቂቃ ቆዩና እንደገና ጀምሩ። ኮላና ጭማቂ ስኳራቸው ስለሚበዛ ተቅማጡን ያብሳሉ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማቆሚያ መድኃኒት አትስጡ።

ሕፃኑ ለብዙ ሰዓታት ካልሸና፣ አፉ ከደረቀ፣ ዓይኑ ወይም እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ ከደከመና መጠጣት ካቃተው፣ ወይም በሰገራው ደም ከታየ፣ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ውሰዱት። በጣም ለታናናሽ ሕፃናት ደግሞ ትንሽም ትኩሳት ቢሆን አትጠብቁ። ለአስቸኳይ እርዳታ የማገን ዳዊድ አዶም ስልክ 101 ነው።

መከላከያም አለ። በእስራኤል የሮታ ክትባት ከ2011 ጀምሮ በጢፓት ሐላቭ በነፃ ይሰጣል፤ በሁለት፣ በአራትና በስድስት ወር በአፍ የሚጨመር ጠብታ ነው። ኢትዮጵያም በ2013 ጀምራዋለች። የመጀመሪያው ጠብታ ጊዜው ካለፈ አይሰጥምና ቀጠሮውን አታሳልፉ። ክትባቱ ለሌሎቹ ቫይረሶች ስለማያገለግል፣ ዳይፐር ከቀየራችሁ በኋላና ምግብ ከማቅረባችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ያ ሕፃን በዚያው ቀን ሐኪም አየው። በማግሥቱ ስመለስ አያቱ ማንኪያ ይዘው ጠብ ጠብ እያደረጉ ያጠጡት ነበር። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይሉ የለም አባቶቻችን?