27 ሳንቲ

ልጁን መጀመሪያ ያየሁት ደረጃችን ላይ ነው። መካኒሳ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከታች ዳቦ ቤት፣ ከላይ የእኛ ጂም ያለበት ሕንፃ አለ። የወር ክፍያ የተጻፈበትን ወረቀት ሁለት ሦስቴ አንብቦ ወደ እኔ ዞረ። «ኮች፣ ስፕሪንት ለክንድና ለደረት ይሆናል?» አለኝ። ስልኬ እየጠራ ነበር። «ሩጫ የማይሰራው ነገር የለም፤ ሩጥ» ብዬው ገባሁ።

ከአራት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። ለካ ከጂሙ ጀርባ ያለውን የኮብልስቶን ዳገት በሳምንት አራት ቀን፣ የጀሞ ታክሲ ረዳቶች መጮህ ሳይጀምሩ፣ አሥር አሥር ጊዜ በፍጥነት ሲወጣው ከርሟል። በመጀመሪያው ቀን ክንዱን በልብስ ሰፊ ሜትር ለክቶ ደብተር ላይ ጽፎት ነበር፤ 27 ሳንቲ። ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ እዚያው ፊቴ ለካው። 27 ሳንቲ። «ጾም ስለነበረ ይሆናል» አለ፣ እኔን የሚያጽናና ይመስል። ሸሚዙ ትከሻው ላይ መስቀያ ላይ እንዳለ ተንጠልጥሏል። ጂንሱ ግን ጭኑ ጋ ሊተረተር ምንም አልቀረው።

ከአእምሮዬ ያልወጣው ጂንሱ ነው። ጥፋቱ የጾሙ ቢሆን ኖሮ ጭኑም ባልወፈረ። ያ ጭን የተሠራው በዚያው በ55 ቀኑ ሽሮና ምስር ነው። እግሩ በየቀኑ ከዳገቱ ጋር ሲታገል ነበርና አደገ። ክንዱ ከማን ጋር ታገለ?

ስንሮጥ ክንድ የሚወዛወዘው እግር የሚያመጣውን ጥምዝምዝ ለማረም ነው። እግር ወገብን ወደ አንድ ጎን ሲስበው ክንድ ደረትን ወደ ሌላው ይስባል፤ ሰውየው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ሥራው ይኸው ነው፤ ቀላል ሥራ አይደለም፣ ግን ሸክም የለበትም። የአንድ ሰው ክንድ ከነመዳፉ ከጠቅላላ ክብደቱ 5 በመቶ ገደማ ነው። ልጁ 60 ኪሎ ቢሆን 3 ኪሎ መሆኑ ነው። ይህንን 3 ኪሎ በ100 ሜትር ውስጥ ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያመላልሰዋል፤ ከዚያ ቆሞ ያለከልካል። የሙያ ጓደኞቼ እዚህ ላይ እንደሚያቋርጡኝ አውቃለሁ፦ «ቀላል ክብደትም እኮ እስኪያቅት ከተሠራበት ጡንቻ ያሳድጋል።» ልክ ናችሁ። ቁልፉ «እስኪያቅት» የሚለው ላይ ነው። ስፕሪንት ላይ ግን መጀመሪያ የሚያቅተው እግር ነው፣ ቀጥሎ ሳንባ። ክንድ ገና ሥራ ሳይጀምር ሩጫው ያልቃል። በዚያ ላይ አዲስ አበባ ነን፤ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ። አየሩ ስስ ስለሆነ ለፍጥነቱ ይረዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ የአጭር ርቀት ሪከርድ የረገፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ከሩጫው በኋላ ትንፋሽ ለመመለስ ግን መከራ ነው። አሥረኛው ዙር ላይ የቆመ ሰው ክንዱ ስላቃተው አይደለም የቆመው።

እሺ፣ ይኼ የሂሳብ ጉዳይ ነው፤ ተናግረውት ያልቃል። የማያልቀው ፎቶው ነው።

በሳምንት ቢያንስ አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ የዩሴን ቦልትን ፎቶ ያሳየኛል። «ይኸው፣ የሚሮጥ ሰው ነው፤ ትከሻውን እየው።» አየሁት። 1 ሜትር ከ95፣ 94 ኪሎ ገደማ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100 ሜትርን በ41 እርምጃ፣ በ9.58 ሰከንድ የጨረሰ ሰው ነው። ፎቶው ላይ የማይታየው ከትራክ ውጭ ያለው ሰዓት ነው። የዚህ ደረጃ ሯጭ ጂም ገብቶ ብረት ያነሳል፣ ደረቱንና ጀርባውን ይሠራል፣ ይህንንም በፕሮግራም ለዓመታት ያደርጋል። ትከሻውን ይዞ ወደ ሩጫው ሄደ እንጂ ሩጫው ትከሻ አልሰጠውም። በዚያ ላይ ሲፈጠር ጀምሮ ጡንቻ በቀላሉ የሚይዝ ሰው ነው ለ100 ሜትር የሚመረጠው። እኛ ግን ምርጫውን ትተን ውጤቱን «ሩጫ» ብለን እንጠራዋለን። ረጅም ሰው ቅርጫት ኳስ ሲጫወት አይቶ ቅርጫት ኳስ ያስረዝማል እንደማለት ነው። (የአንዳንዱ ትከሻ ከፋርማሲ የመጣ መሆኑም አይረሳ። ቤን ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ ወርቁን የተነጠቀው ስታኖዞሎል ተገኝቶበት ነው።)

ለማስረጃ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር 5,000ንም 10,000ንም ወሰደ። የመጨረሻውን ዙር እንዴት እንደሚፈተለክ ያየ ሰው ያ ስፕሪንት አይደለም አይለኝም። ክንዱ ግን እንደ ቀርከሃ ቀጭን ነበር። በዚያው ኦሊምፒክ፣ በዚያው ስታዲየም 100 ሜትርን ያሸነፈው ስኮትላንዳዊው አለን ዌልስ ደንዳና ትከሻ ነበረው። ይህ ሰው ቦክሰኞች የሚደበድቧትን ተንጠልጣይ ኳስ በመምታት ይታወቅ ነበር። ልብ በሉ፤ የትራክ ሰው ሆኖ ለክንዱ ብሎ ኳስ ይደበድባል! ሩጫው የሚበቃው ቢሆን ለምን ይለፋል?

ኃይሌ ገብረሥላሴም አለ። ደብተር ይዞ እየሮጠ ትምህርት ቤት ይመላለስ ስለነበር ግራ ክንዱ እጥፍ እንዳለ ቀረ፤ ይህንን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። በሲድኒ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትር ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ከ25 ዙር በኋላ በ9 መቶኛ ሰከንድ ሲቀድመው ያ ክንድ የቻለውን ሁሉ ተወዛውዟል። ሩጫ የክንዱን አያያዝ ቀየረው፤ ውፍረቱን ግን አልነካውም።

ከፎቶው ቀጥሎ የሚመጣው ሆርሞን ነው፤ ይኼኛው ደግሞ የሚያናድደኝ ከአሰልጣኞች አፍ ስለሚወጣ ነው። «ስፕሪንት የዕድገት ሆርሞን ይለቃል፤ ሆርሞኑ በደም ዞሮ ክንድንም ያሳድጋል።» የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ ከከባድ ሩጫ በኋላ ሆርሞኑ ለጥቂት ጊዜ ከፍ ይላል። ሁለተኛውን ግን የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፈትነውታል። 12 ወጣቶች ለ15 ሳምንት አንዱን ክንዳቸውን ለብቻው ሠሩ፤ ሌላውን ክንድ ደግሞ ሠርተው ወዲያው ከባድ የእግር ሥራ ጨመሩበት፣ ሆርሞኑ እንዲያሻቅብ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ፤ ሁለቱ ክንዶች እኩል አደጉ። ሆርሞን የተጥለቀለቀበት ክንድ ብልጫ አላሳየም። ሁለቱም ያደጉት ክብደት ስላነሱ ነው። ይህ ከወጣ ይኸው ስንት ዓመቱ፤ ዛሬም ጂማችን ውስጥ መስታወት ፊት ቆሞ ስለ ሆርሞን የሚሰብክ አይጠፋም።

አንድ ነገር ልመን። ሮጦ «ደረቴ ወጣ» የሚል ሰው ሁሌ አይዋሽም። ስብ ያለው ሰው ሲሮጥ ስቡ ይቀንስና ከሥር የነበረው ጡንቻ ይታያል። ሆድና ጎንም ሰውነትን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ሲታገል ይጠነክራል። ግን ይህ ለቦርጫም ነው የሚሠራው። የእኔ ልጅ የሚቀንሰው ስብ አልነበረውም፤ ከሥር ተደብቆ የሚጠብቀውም ጡንቻ አልነበረም።

ያኔ ደረጃው ላይ ያልጠየቅሁትን በመጨረሻ ጠየቅሁት፤ ለምን ሩጫን መረጥክ? «ዳገቱ አያስከፍልም» አለኝ። ወረቀቱን ሁለት ሦስቴ ያነበበው ለዚህ ነበር። ያኔ ስልኬን ትቼ አንድ ደቂቃ ብቆም ኖሮ ፑሽ አፕም አያስከፍልም፣ የሰፈር ኳስ ሜዳ የጎል አግዳሚ ላይ ተንጠልጥሎ ራስን መሳብም አያስከፍልም እለው ነበር። አሁን ነገርኩት። ሩጫውን ወደ ሁለት ቀን አውርድ፣ ሦስቱን ቀን ክንድህን አሸክመው፣ ሲቀልህ ጨምርበት።

ለጭማሪው ሁለት ባዶ የቀለም ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና የቧንቧ ብረት አገኛለሁ ብሏል፤ የእኛም ትውልድ የጀመረው በዚያው ነው። ሲሚንቶው ሳይደርቅ እንዳያነሳው ግን አስጠንቅቄዋለሁ። አምና አንዱ የሰፈር ልጅ በማግስቱ አንስቶት ቆርቆሮው ከብረቱ ወልቆ አውራ ጣቱ ላይ አርፏል።