ልጆችዎን ይዘው ሐዋሳ ሲወርዱ

ዓመቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤትና በማጀት መካከል ሲመላለሱ ከርመው፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ዘንድሮስ ልጆቹን ወዴት እንውሰዳቸው?» ማለትዎ አይቀርም። ባሕር ለራቀን ሰዎች ባሕራችን ሐይቅ ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሐዋሳ፣ ከሐይቋ ዳር ሆነው ለሚያርፉባት ቤተሰቦች ብዙ የምታሳየው አላት።

ሐይቁ የጥቁር ውሃን ወንዝ ይቀበላል እንጂ ከእርሱ ወጥቶ የሚፈስ ወንዝ የለም። እንዲህም ሆኖ ውሃው ጨዋማ አይደለም። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ታቦር ተራራ ላይ ቢወጡ፣ ከተማውንና ሐይቁን አንድ ላይ ያያሉ። ከዚያ ወርደው ወደ አሞራ ገደል ይሂዱ። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊቱን የያዙትን ቆሮሶና አምባዛ ከጀልባ ሲያወርዱ፣ ራሰ በራው አባ ኮዳ የሆድ ዕቃው እስኪጣልለት ድረስ እንደ ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቃል። ልጆቼን ከዚያ ማንቀሳቀስ አልቻልኩም። ጦጣዎቹም ሙዝ ከእጅ ስለሚነጥቁ ቦርሳዎን ይያዙ። ዓሣውን በጥሬው በአዋዜ የሚበሉ ሞልተዋል፤ እኔ ግን ለልጆቼ ጥብሱንና ሾርባውን አዘዝኩ።

እነሆ፣ የሾርባውን ሂሳብ ስከፍል ነው የሰባት ዓመት ልጄ ከዓይኔ የጠፋችው። ቀሚሷን ሰብስባ፣ ከአካባቢው ልጆች ጋር ቄጠማው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ አገኘኋት። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ፣ «እትዬ፣ ልጅትዋን ያውጧት፤ በሽታው ያለው እዚሁ ዳር ዳሩን ነው» አሉኝ።

በሽታው ቢልሃርዝያ ነው። የሚተላለፈው በመጠጣት ብቻ እንዳይመስልዎት። በሐይቁ ዳር ቄጠማ ውስጥ ከሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ የሚወጣው ዓይን የማያየው ትል፣ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳ በስቶ ይገባል። ይህም የሚብሰው ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ማለት ልጆች ውሃ በሚያምራቸው ሰዓት ነው። በፎጣ አሸት አሸት አደረግኋት፤ እርሱ ግን አስተማማኝ መከላከያ አይደለም።

አዲስ አበባ እንደ ገባን ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ። ነርሷ ሳቅ አለችና፣ «ገና ነው፤ የትሉ እንቁላል በሰገራ ምርመራ የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው» አለችኝ። በእነዚያ ሳምንታት ልጅትዋ «ሆዴን» ባለች ቁጥር የሆንኩትን እናት የሆነች ታውቀዋለች። በመጨረሻ ተገኘባት። በክብደቷ ልክ የፕራዚኳንቴል ክኒን በአንድ ቀን ዋጠች፤ ዳግም ስትመረመር ነፃ ሆነች። እዚያው ተወልደው በዚያው ውሃ ለሚያድሩት የዓሣ አጥማጅ ልጆች ግን ነገሩ የአንድ ክኒን ጉዳይ አይደለም፤ ድነው በነጋታው ተመልሰው ይገባሉ።

ስለዚህ ሐይቁን በጀልባ ይዩት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ተንሳፋፊ ሰደርያ ሳያስለብሱ አይሳፈሩ፤ ጀልበኛውም ጉማሬ አሳያችኋለሁ ብሎ እንዳይጠጋ ይንገሩት። ዋና ለሚያምራቸው በሆቴሎች ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አለ።

እኛ በመጪው ክረምት ደግመን ልንወርድ ነው። ልጄ ጫማዋን ላታወልቅ ቃል ገብታልኛለች፤ ታናሽ ወንድሟ ግን ገና እየተደራደረኝ ነው።