አሸዋ የሚጠልቀው እንሽላሊት



ባለፈው መንፈቅ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ደረቅ አሸዋ በጣሳ እያፈሰስን ክምር ሠርተን ነበር። የቱንም ያህል ብንጨምርበት የክምሩ ጎን ከተወሰነ ማዕዘን በላይ አይቆምም፤ ትርፉ ተንሸራቶ ይወርዳል። ለደረቅ ልል አሸዋ ይህ ማዕዘን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ገደማ ነው። ቁጥሩን ለፈተና ሸመደድን፣ ከፈተናው በኋላ ረሳነው። ኑሮውን በዚህ ማዕዘን ላይ የመሠረተ ፍጡር መኖሩን ያወቅነው ቆይተን ነው።

ፍጡሩ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ከናሚቢያ እስከ ደቡብ አንጎላ በአትላንቲክ ዳርቻ በተዘረጋው የናሚብ በረሃ የሚኖር ትንሽ እንሽላሊት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ሜሮሌስ አንቺዬታይ ይባላል። ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው መነሻ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው።

ነፋስ የአሸዋ ኮረብታ ሲሠራ ሁለት ጎን ይሰጠዋል። ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ተዳፋቱ ለስላሳ፣ አሸዋው ጠቅጠቅ ያለ ነው። ከጫፉ ማዶ ያለው ጎን ግን አሸዋው እየተንሸራተተ የሚወርድበት፣ ልክ እንደ ላብራቶሪው ክምራችን ልል ሆኖ የቆመ ነው። እንሽላሊቱ የሚመርጠው ይህንን ልል ጎን ነው። አፉ እንደ አካፋ ጠፍጣፋ ስለሆነ አሸዋውን ሰንጥቆ በቅጽበት ይሰወራል።

መሰወሩ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። እኩለ ቀን ላይ የአሸዋው ገጽ ከ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል። እንሽላሊቱ መጀመሪያ እግሮቹን ዘርግቶ ሰውነቱን ከአሸዋው ከፍ ያደርጋል። ቀጥሎ የፊት አንድ እግሩንና በተቃራኒው በኩል ያለውን የኋላ እግሩን በአንድ ጊዜ ያነሣል፤ ከዚያም ይቀያይራል። የሚያየው ሰው የሚጨፍር ይመስለዋል። የሰውነቱ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ ግን ጭፈራው አያዋጣም፤ ወደ ውስጥ ይጠልቃል። ከገጹ ጥቂት ዝቅ ሲባል አሸዋው በጣም ይቀዘቅዛል። ጠላት ሲመጣም መሸሸጊያው፣ ሲመሽም መኝታው ይኸው አሸዋ ነው።

ምግቡም ከነፋሱ ጋር ይመጣለታል፤ ነፋስ ያመጣቸውን ዘሮች ይለቅማል፣ ነፍሳትንም ያድናል። ዝናብ እንደልብ በማይገኝበት በዚያ በረሃ ውሃ የሚያገኘው ከጉም ነው። ቀዝቃዛው የቤንጌላ የባሕር ሞገድ ጉም ይፈጥራል፤ ነፋስ ወደ የብስ ሲነዳው ጠብታ ሆኖ ያርፋል። እንሽላሊቱ ጠብታውን ጠጥቶ በሆድ ዕቃው ውስጥ ያጠራቅምና ጉም በሌለበት ጊዜ ይጠቀምበታል።

መድረሳ ሳለን ኡስታዛችን ስለ ተፈኩር ሲያስተምሩን ግመሉን፣ ሰማዩን፣ ተራራውን ተመልከቱ ይሉን ነበር። እኛ ግን ይህንን ለመድረሳ፣ ማዕዘኑን ለዩኒቨርሲቲ አድርገን ለየናቸው። አሸዋው ግን አንድ ነው። ያ የረሳነው ቁጥር ለአንዲት ነፍስ ከእሳት የሚያስጥል በር ሆኖ ተገኘ። ሱብሃነላህ!

እኅት ወንድሞች፣ በሚቀጥለው ላብራቶሪ ውጤቱን መዝግበን ከመውጣታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህ ሕግ ከዚህ ክፍል ውጭ ማንን ያኖራል? ወሰላም።