ስንቅ ተሸክሞ ዘጠነኛ ክፍል

ከላስታ ገጠር ስምንተኛ ክፍልን የጨረሰ ልጅ ለቀጣዩ ትምህርት ኩልመስክን ወደመሰለ ከተማ ይሄዳል። ሁለት ሦስት ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ፤ ቅዳሜ ቤተሰብ ዘንድ ሄደው የሳምንቱን ስንቅ፣ ድርቆሽና ሽሮ፣ ተሸክመው ይመለሳሉ። እስከ ሐሙስ ከበረከተ ጥሩ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሲሆኑ ሁላችንም መምህሩን ወቀስን። ማዘጋጃ ቤቱን ማን ጠየቀ? የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የተማሪዎች ምገባ እንኳ ሲጀመር ለታችኛዎቹ ክፍሎች ነበር።

ትንሽ ከተማ ያን ያህል በጀት የላትም። ማታ የሚከፈት፣ መብራት ያለው የንባብ ክፍል ግን አያቅታትም። ለሴቶቹ ደግሞ ጥበቃ ያለው የጋራ ማደሪያ፤ ብዙ እናቶችን ልጃቸውን ከመላክ የሚያግዳቸው በቅጡ የማይዘጋው የኪራይ ቤት በር ነውና።