የመስቀል ወፍ ወዴት ይሄዳል?



በሀገራችን የዘመን አቆጣጠር ክረምት መስከረም 25 ቀን ያበቃል፤ በማግሥቱ መፀው ይገባል። በዚህ መሸጋገሪያ ሰሞን አደይ አበባ ሲፈካ፣ በረጃጅሙ ሣር ላይ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር የለበሱ ትንንሽ ወፎች ይታያሉ። የመስቀል ወፍ የምንላቸው እነዚህን ነው። በዓመት አንዴ ብቅ ብሎ የሚጠፋን ሰውም በስማቸው እንጠራዋለን።

እኔም ተማሪ ሳለሁ በመስክ ማስታወሻዬ ላይ በመስከረም «መጣ»፣ በኅዳር «ሄደ» እያልሁ እመዘግብ ነበር። አንድ ዓመት ግን በክረምቱ አጋማሽ ግማሽ አካሉ ቡናማ፣ ግማሹ ቀይ የሆነ ወፍ አየሁ። ላባውን በመቀየር ላይ ያለ ወንድ ነበር። ለካ ድንቢጥ መስለውኝ ሳልመዘግባቸው ያለፍኋቸው ቡናማ ወፎች እነርሱው ኖረዋል! ከሸማኔ ወፎች ወገን የሆነው ይህ ወፍ ደማቁን ላባ የሚለብሰው ወንዱ ብቻ ነው፤ እርሱም በመራቢያው ወቅት። በቀረው ጊዜ ሴቷን ይመስላል፤ ዘር እየለቀመ ከመንጋው ጋር ይኖራል።

ወቅቱን የሚወስነው ምንድን ነው? በአውሮፓ የቀኑ ርዝመት ከወቅት ወቅት እጅግ ስለሚለያይ ለወፎች ዋና ምልክት ይሆናል። በአዲስ አበባ ግን በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ እዚህ የዝናቡ ድርሻ ከፍ ያለ ነው። የዝናቡ መቀነት ከሰኔ እስከ መስከረም ደጋውን ሸፍኖ ቆይቶ ወደ ደቡብ ሲያፈገፍግ፣ ጎጆ የሚሸከም ረጅም ሣርና ጫጩት የሚያሳድግ ምግብ ትቶ ይሄዳል።

በዚያው ሰሞን ጅራታቸውን ዘወትር የሚያወዛውዙ ሆደ ቢጫ ተሰዳጅ ወፎች ከአውሮፓና ከእስያ ይደርሳሉ። እነርሱ በእርግጥ መጥተዋል። የመስቀል ወፍ ግን ልብሱን ለወጠ እንጂ ከሩቅ አልመጣም። በዓይን ሲታዩ ሁለቱም እንግዳ ይመስላሉ፤ የሚለያቸው ዓመቱን ሙሉ መመልከት ብቻ ነው።

ስሕተቴ ቀላል አልነበረም። ደማቁን ብቻ የቆጠረ ሰው ሴቶቹን ከነጭራሹ አልቆጠረም። በበጋ «ወፍ የለበትም» ተብሎ የሚታረሰው የሣር መስክም የእነዚሁ ወፎች መኖሪያ ሊሆን ይችላል። ዝናቡ ሲዘገይ ወፎቹ ምን እንደሚሆኑ የምናውቀውም ቡናማዎቹንም ከመዘገብን ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ቀኑን፣ ዝናቡንና የሣሩን ቁመት በየሳምንቱ መዝግቡ። ወፉን ስታጡትም «የለም» አትበሉ፤ «አላየሁም» ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው ስለ ወፉ የሚሰጥ ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ራሳችን የምንሰጠው ታማኝ ምስክርነት ነው።