የገበሬው ሬዲዮ ሲሸጥ

በደቡብ አሜሪካ በኮሎምቢያ አገር፣ በቦያካ ክፍለ ሀገር፣ ሱታቴንሳ የምትባል አነስተኛ የገጠር ከተማ አለች። በአካባቢዋ የሚኖረው ሕዝብ በተራራ ተዳፋት ላይ በተበጣጠሰ ማሳ በቆሎና ቦሎቄ፣ ድንችና አተር እያመረተ የሚተዳደር ገበሬ ነው። የሱታቴንሳ ስም ከአገሯ አልፎ የተሰማው በአንድ የሬዲዮ ጣቢያ ምክንያት ነው። ጣቢያው እ.ኤ.አ. በ1947 በእጅ በተገጣጠመች አነስተኛ ማሰራጫ ሥራውን ጀመረ። ከ40 ዓመታት በላይ ለገበሬው ሲያስተምር ከቆየ በኋላም በ1989 ለንግድ ሬዲዮ ድርጅት ተሸጠ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ጣቢያው አመሠራረት በብዙ ቋንቋዎች ብዙ ተጽፏል። ስለ አሻሻጡ የተጻፈው ግን ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። በገጠር የጋራ ንብረት የማስተዳደር ኃላፊነት ላለበት የማኅበር መሪ ግን ይህኛው ወገን ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ጣቢያውን ያቋቋሙት ሆሴ ሆአኪን ሳልሴዶ የተባሉ በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ የነበሩ የካቶሊክ ቄስ ናቸው። ቄሱ በ1947 ወደ ሱታቴንሳ ተመድበው ሲመጡ፣ አብዛኛው ገበሬ ማንበብና መጻፍ የማይችል፣ መንገድና ትምህርት ቤት የራቀው፣ ከሥራ የተረፈችውን ሰዓት ከበቆሎ በሚጠመቅ መጠጥ የሚያሳልፍ ሆኖ አገኙት። በመጀመሪያ የፊልም ማሳያ መሣሪያ አምጥተው ሕዝቡን ሰበሰቡ። ቀጥሎም የመሰብሰቢያ አዳራሽ ለመሥራት ታሰበ፤ ገንዘብ ግን አልነበረም። ገበሬው ጥሬ ገንዘብ ባይኖረው ዶሮ አለውና እያንዳንዱ ቤት ዶሮ እንዲያዋጣ ተደረገ። የተዋጣው ዶሮ ወደ 1400 ይደርስ እንደነበረ ይነገራል። ዶሮው ተሽጦ ግንባታው ተጀመረ። ይህ የዶሮ መዋጮ ኋላ ስለ ሽያጩ በሚነገርበት ጊዜ መታወስ ያለበት ነው።

ሰው በየተራራው ተበታትኖ ስለሚኖር ሁሉንም አዳራሽ ድረስ ማምጣት አይቻልም። ስለዚህ ቄሱ ድምፅን ወደ ሰው ቤት ለመላክ አሰቡ። ወንድማቸው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ነበሩና በእርሳቸው እርዳታ ኃይሏ 100 ዋት ያህል የሆነች ማሰራጫ ተተከለች። ይህ አንድ ትልቅ አምፖል የሚጠቀምበትን ያህል ኃይል ቢሆን ነው። ቢሆንም ከኮረብታ ላይ ስለምትናገር ድምጿ እስከ ጎረቤት ቀበሌዎች ይሰማ ነበር።

የአሠራሩ ብልኀት በማሰራጫው ላይ ብቻ አልነበረም። ከቦጎታም ሆነ ከሱታቴንሳ የሚናገር መምህር ብቻውን ፊደል ሊያስቆጥር አይችልም፤ ተማሪው የጻፈውን አያይምና። ስለዚህ በየመንደሩ ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ሰው ተመርጦ «ረዳት» ተባለ። ረዳቱ ብዙ ጊዜ የዚያው ቤት ልጅ ወይም ጎረቤት ነበር፤ ደመወዝ አይከፈለውም። በተወሰነው ሰዓት ቤተሰቡና ጎረቤቱ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። መምህሩ በሬዲዮ «አሁን ይህን ፊደል ጻፉ» ሲል ረዳቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፣ የተማሪዎቹን እጅ እየተከታተለ ያርማል። ትምህርቱ የሚሰጠው ገበሬው ወደ ማሳው ከመውጣቱ በፊት ወይም ከማሳው ከተመለሰ በኋላ ነበር። ሬዲዮኖቹ በባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ከሱታቴንሳ ጣቢያ በስተቀር ሌላ እንዳይዙ ተደርገው የተዘጋጁ ነበሩ። ይህ ገደብ በጊዜው እንደ ጥቅም ታይቷል። ሆኖም ሰሚው የሚሰማውን የመምረጥ መብት አልነበረውም ማለት ነው፤ ነገሩ ኋላ መዘዝ አስከትሏል።

ትምህርቱ በፊደልና በቁጥር አላበቃም። ስለ ጤና፣ ስለ ሥራና ኢኮኖሚ፣ ስለ መንፈሳዊ ሕይወትም ይነገር ነበር። የአፈር መሸርሸርን ስለ መከላከል፣ የጓሮ አትክልት ስለ መትከል፣ የከብት እበትና ቅጠላ ቅጠል አብላልቶ ለማዳበሪያ ስለ ማዋል፣ የመጠጥ ውሃ ስለ መጠበቅ፣ መጸዳጃ ጉድጓድ ስለ መቆፈር፣ ምድጃን ከመሬት ከፍ አድርጎ ስለ መሥራት ዘመቻዎች ተካሄዱ። ሬዲዮው የተናገረውን መጽሔትና የመማሪያ መጽሐፍ ይከተለዋል፤ መጽሐፉን ደግሞ ረዳቱና በሱታቴንሳ በተከፈተው ተቋም የሠለጠኑ የገበሬ መሪዎች ወደ ማሳ ያወርዱታል። በእርሻ ኤክስቴንሽን ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ምክር በጆሮ ብቻ ቢቀር ወደ ማረሻ አይደርስም። ሱታቴንሳ ይህን ክፍተት የሞላው በሰው ነበር።

ጣቢያው የሚያስተዳድረው «ሕዝባዊ የባህል ሥራ» የሚል ትርጉም ባለው፣ በአጭሩ አክፖ ተብሎ በሚጠራ ድርጅት ነበር። ድርጅቱ በ1958 «ኤል ካምፔሲኖ» ማለትም «ገበሬው» የተባለ ሳምንታዊ ጋዜጣ ማሳተም ጀመረ። በ1960ዎቹ ከ20 ሺህ በላይ የሬዲዮ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ማሰራጫዎች በቦጎታ፣ በካሊ፣ በሜዴሊን፣ በባራንኪያና በሌሎችም ቦታዎች ተተከሉ። የመንደሩ ጣቢያ የአገር ጣቢያ ሆነ። ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮችም አርአያውን እየወሰዱ የየራሳቸውን የሬዲዮ ትምህርት ቤት አቋቋሙ።

ዕድገቱ ግን ወጪን ይዞ መጣ። በዶሮ መዋጮ አዳራሽ ይሠራ ይሆናል እንጂ በየከተማው ለተተከለ ከፍተኛ ኃይል ላለው ማሰራጫ የኤሌክትሪክ ሒሳብ፣ የመለዋወጫ ዕቃ፣ ለብዙ መቶ ሠራተኞች ደመወዝና ጡረታ አይከፈልም። ገንዘቡ የሚመጣው ከኮሎምቢያ መንግሥት፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ እንዲሁም ከውጭ አገር የእርዳታ ድርጅቶች በተለይም ከጀርመን ካቶሊኮች ነበር። ገበሬው ሬዲዮኑንና የባትሪ ድንጋዩን ይገዛል፣ ረዳቱ ጉልበቱን በነፃ ይሰጣል፣ ለጋዜጣው ይከፍላል። ስለ ድርጅቱ ዕጣ በሚወሰንበት ሰንጠረዥ ላይ ግን ወንበር አልነበረውም። ሥልጣኑ በዳይሬክተሩና በቤተ ክርስቲያኒቱ እጅ የተጠቃለለ ነበር።

ከ1970ዎቹ ጀምሮ ችግሮች ተደራርበው መጡ። ዋጋው የረከሰና የፈለጉትን ጣቢያ የሚይዝ ትራንዚስተር ሬዲዮ በየገበያው ተሸጠ። አንድ ጣቢያ ብቻ የሚይዘውን ሬዲዮ ይዞ የነበረው ቤተሰብ አሁን ሙዚቃና የኳስ ጨዋታ የሚያሰማውን የንግድ ጣቢያ መምረጥ ቻለ። ወጣቱ ወደ ከተማ ፈለሰ፤ ቴሌቪዥንም ተስፋፋ። በዚህ ላይ ሳልሴዶ ወላጆች ሊያሳድጉ የሚችሉትን ያህል ልጅ እንዲወልዱ የሚመክር ትምህርት በጣቢያው በማስተላለፋቸው ከጳጳሳቱ ጋር አለመግባባት ተፈጠረ። በዚህ ጉዳይ ቄሱ የገበሬውን ኑሮ ቀርበው ያዩ መሆናቸውን መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን ድርጅቱ የቆመበትን አንዱን ምሰሶ አነቃነቀው። የመንግሥት ድጋፍ እየተቋረጠ፣ የውጭ እርዳታም ወደ ሌላ አቅጣጫ እየዞረ ሄደ። ዕዳው ግን የሚጠብቅ አልነበረም።

በመጨረሻ ድርጅቱ ንብረቱን ወደ መሸጥ አዘነበለ። በ1989 የጣቢያዎቹ መሣሪያና የአየር ሞገዶች ካራኮል ለተባለው ትልቅ የግል ሬዲዮ ድርጅት ተላለፉ። ጋዜጣውም ብዙ ሳይቆይ መታተሙን አቆመ። ሳልሴዶ ከአገራቸው ርቀው በ1994 ማያሚ ላይ አረፉ።

በቦጎታ የሱታቴንሳ ድምፅ ይሰማበት የነበረው 810 ኪሎኸርዝ ሞገድ የካራኮል ሆነ። ከማሰራጫው የሚወጣው ኃይል ያው ነው፤ በኮረብታው ላይ ያለውም ሬዲዮ ድምፁን በጥራት ይቀበላል። የተለወጠው የሚነገረው ነው። በፊደልና በአፈር ጥበቃ ትምህርት ፋንታ የዋና ከተማ ዜና፣ የፖለቲካ ክርክር፣ የእግር ኳስ ጨዋታና የሸቀጥ ማስታወቂያ ገባ። ይህን በንግድ ድርጅቱ ላይ እንደ ጥፋት መቁጠር ትክክል አይሆንም። ካራኮል የሚኖረው በማስታወቂያ ሲሆን፣ ማስታወቂያ የሚከፍል ነጋዴ ደግሞ የሚፈልገው ብዙ የሚገዛ ሰሚ ነው። በዳገት ላይ ሩብ ሄክታር የሚያርስ ገበሬ ለሳሙናና ለቢራ ፋብሪካ ትልቅ ደንበኛ አይደለም። ስለዚህ ለእርሱ ተብሎ የሚሰናዳ ሰዓት አይኖርም። ገበሬው መስማቱን ይቀጥላል፤ የሚሰማው ግን ለሌላ ሰው የተነገረውን ነው። ረዳቱም ሰሌዳውን ይዞ የሚጠብቀው ትምህርት የለም።

በሽያጩ ዶሮ ያዋጡት ቤተሰቦች የጠየቃቸው አልነበረም፤ የሚጠየቁበትም ሕጋዊ መሠረት አልነበረም። ሬዲዮው «የገበሬው» ይባል እንጂ ፈቃዱም፣ መሣሪያውም፣ ዕዳውም በድርጅቱ ስም ነበር።

የሌሎች አገሮች ሁኔታ ከዚህ ጋር ቢነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። በቦሊቪያ የማዕድን ሠራተኞች ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የራሳቸውን ጣቢያዎች አቁመው ከደመወዛቸው እየቆረጡ ያስተዳድሩ ነበር። ጣቢያው የሠራተኛ ማኅበሩ ስለነበረ በየጊዜው በወታደር ቢዘጋም ሠራተኛው ደግሞ ደጋግሞ ከፍቶታል። የቆርቆሮ ማዕድን ዋጋ በ1985 ወድቆ የመንግሥት ማዕድን ማውጫዎች ሲዘጉና ሠራተኛው ሲበተን ግን መዋጮው ቆመ፤ አብዛኞቹም ጣቢያዎች ጠፉ። የባለቤትነት ወረቀት ብቻውን ጣቢያን አያኖርም ማለት ነው። በኢኳዶር ደግሞ የሪዮባምባው ጳጳስ ሌዎኒዳስ ፕሮአኞ የሱታቴንሳን አርአያ ተከትለው በ1962 ያቋቋሙት ጣቢያ ሌላ መንገድ ያዘ። እርዳታ ሲቀንስ፣ ኪንዋ የተባለውን የደጋ እህል ያለ ኬሚካል የሚያመርቱ ትናንሽ ገበሬዎችን በማደራጀትና ምርታቸውን ለውጭ ገበያ በማቅረብ ሥራ ተሰማራ። በዚህ ዓይነት ጣቢያው ከሰሚዎቹ ምርት ጋር የተቆራኘ ገቢ አገኘ። ይህም ቢሆን በገበያ ዋጋ ላይ የሚንጠለጠል በመሆኑ ያለ ሥጋት ነው ማለት አይደለም።

አክፖ ጨርሶ አልፈረሰም። በ2012 ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት የሚጠቀሙ የገበሬ ትምህርት ቤቶችን በመክፈት በአነስተኛ ደረጃ ሥራውን እንደገና ጀምሯል።

ከቀድሞው ጣቢያ የተረፈው ትልቁ ሀብት ግን ደብዳቤው ነው። ገበሬዎች ለጣቢያው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደብዳቤዎች ጽፈው ነበር። ድርጅቱም ደብዳቤ ተቀብሎ መልስ የሚጽፍ ክፍል ነበረው። ስለ ሰብል በሽታ የሚጠይቅ፣ የቤቱን መታደስ የሚያበስር፣ ግጥም የሚልክ ነበር። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ፊደል የቆጠሩት በዚያው ሬዲዮ ነው። ከድምፅ ቅጂዎቹና ከመማሪያ መጻሕፍቱ ጋር የድርጅቱ መዝገብ በቦጎታ በኮሎምቢያ ማዕከላዊ ባንክ ሥር በሚተዳደረው በሉዊስ አንሄል አራንጎ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።