በአንጎላችን ውስጥ ያለው ሰዓት እንዴት ይገነባል?

ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ በተጓዝንበት ነሐሴ፣ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያሳለፍነው ጣሪያ ስናይ ነበር። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይናችን ይገለጣል፤ እንቅልፍም ተመልሶ አይመጣም። የእጅ ሰዓታችንን ከደረስንበት አገር ጋር ያስተካከልነው ገና ከአውሮፕላን ሳንወርድ ነው። በውስጣችን ያለው ሰዓት ግን በአዲስ አበባ ረፋዱ አራት ሰዓት መሆኑን እየነገረ ይቀሰቅሰናል። ለመሆኑ ይህ ማንም ያላሰረልን ሰዓት የት ይገኛል? ማንስ ሠራው? ስለ ምንስ እንዲህ እልኸኛ ሆነ?

የሰዓቱ መኖሪያ

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በዚያ ዓመት ሁለት የአሜሪካ የምርምር ቡድኖች፣ በአይጥ አንጎል ግርጌ የምትገኝ አንዲት ጠባብ ስፍራ ስትጎዳ የእንስሳው የቀንና የሌሊት ሥርዓት እንደሚፈርስ በየፊናቸው አሳዩ። ስፍራዋ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ከሚተላለፉበት መስቀለኛ ነጥብ በላይ ስለምትገኝ ሱፕራካያስማቲክ ኒውክሊየስ ተብላለች። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የሰዓት እምብርት» እንላታለን። በአይጥ አንጎል 20,000 ያህል የነርቭ ሕዋሳት ይገኙባታል።

አንድ ሕዋስ ሰዓት የሚሆንበት መንገድ

በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪውን ይዞ ኋላ ወደ ሥነ ሕይወት የተሻገረው ሲይሞር ቤንዘር፣ ከተማሪው ከሮናልድ ኮኖፕካ ጋር እ.ኤ.አ. በ1971 አንድ አስደናቂ ውጤት አሳተመ። ሁለቱ ተመራማሪዎች የዕለት ዑደታቸው የተለወጠ ሦስት ዓይነት የፍራፍሬ ዝንቦች አግኝተው ነበር። የአንደኛው ዓይነት ዑደት 19 ሰዓት፣ የሁለተኛው 28 ሰዓት ሆነ፤ ሦስተኛው ጭራሹን ዑደት አልነበረውም። ሦስቱም ለውጦች የደረሱት በአንድ ጂን ላይ ነበር። ይህ ፒርየድ የተባለ ጂን እንዴት እንደሚሠራ የመረመሩት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጂኑ ፕሮቲን እንዲመረት ትእዛዝ ይሰጣል። ፕሮቲኑ ቀስ በቀስ ይከማችና ወደ ሕዋሱ አስኳል ገብቶ የገዛ ጂኑን ሥራ ያስቆማል። የተከማቸው ፕሮቲን ሲፈራርስ እገዳው ይነሣል፤ ጂኑም ሥራውን እንደ ገና ይጀምራል። ምሥጢሩ ያለው በመዘግየቱ ላይ ነው። ሙቀቱ ዘግይቶ በሚደርስ ሻወር የሚታጠብ ሰው አንድ ጊዜ ሙቁን፣ አንድ ጊዜ ቀዝቃዛውን እያበዛ ሲዋልል እንደሚቆይ ሁሉ፣ ዘግይቶ የሚደርስ እርምት ውዝዋዜን ይፈጥራል። የዚህ ጂን ዘመዶች በአይጥም በሰውም ሕዋሳት ውስጥ አሉ፤ አንዱን ዑደት ለመፈጸምም 24 ሰዓት ገደማ ይፈጅባቸዋል።

ሃያ ሺህ ሰዓቶችን ማስማማት

እስከዚህ ድረስ የተመለከትነው የአንዱን ሕዋስ ሰዓት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሃያ ሺህ ሰዓቶች በየራሳቸው ቢቆጥሩ ጫጫታ እንጂ ሰዓት አይሆኑም። እ.ኤ.አ. በ1665 ክርስቲያን ሃይገንስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ፣ በአንድ ድጋፍ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ውዝዋዜያቸው እንደሚገጣጠም አስተውሎ ነበር። ያስማማቸው የጋራ ድጋፋቸው ነው። በአንጎል ውስጥስ ይህን ድጋፍ የሚሠራው ምንድን ነው?

መልሱ የሚገኘው በፅንሱ እድገት ውስጥ ነው። በፅንስ አይጥ አንጎል ውስጥ ሲክስ-3 የተባለው ጂን በጊዜው ካልሠራ የሰዓት እምብርት ጭራሹን አትፈጠርም። ኤል.ኤች.ኤክስ-1 የተባለው ጂን ደግሞ ለየት ያለ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ቡድኖች ባሳተሟቸው ጥናቶች መሠረት፣ ይህ ጂን የሕዋሳቱን የመጨረሻ ብስለት ይመራል፤ እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡባቸውን ንጥረ ነገሮች እንዲያመርቱም ያደርጋል። ጂኑ በጎደላቸው አይጦች እያንዳንዱ ሕዋስ መቁጠሩን አላቆመም። የጠፋው ስምምነቱ ነው። ስለሆነም በማያቋርጥ ጨለማ ውስጥ የእንስሳቱ የዕረፍትና የእንቅስቃሴ ሥርዓት እየተሸረሸረ ሄደ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሌላው ውጤት ነው። የብርሃንና የጨለማው ሰዓት በድንገት ሲቀየር፣ ኤል.ኤች.ኤክስ-1 የጎደላቸው አይጦች ከጤነኞቹ ቀድመው ተላመዱ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ የተባበሩ ሕዋሳት በቀላሉ አይበገሩም። በባዕድ አገር ጣሪያ እያየን ያነጋናቸው ሌሊቶች እንግዲህ የዚህ ኅብረት ዋጋ ነበሩ። ሰዓታችን እልኸኛ ባይሆን ኖሮ የመብረቅ ብልጭታና የመንገድ መብራት ሁሉ ባወላገደው ነበር።

ጂን ብቻውን አይበቃም

ጂኖች ይገንቡት እንጂ ሰዓቱን የሚሞላው አካባቢው ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የታተመ ጥናት፣ የአይጥ ፅንስ የሰዓት እምብርት ከመወለዱ በፊት ቀንና ሌሊትን ለይታ እንደምትሠራ፣ ሰዓቱንም ከእናቱ እንደሚቀበል አሳይቷል። ከተወለደ በኋላ ይህን ኃላፊነት ብርሃን ይረከባል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ሌላ ጥናት፣ ከልደታቸው ጀምሮ በማያቋርጥ ብርሃን ያደጉ አይጦች የሕዋሳት ስምምነት ተዛብቶ ተገኝቷል። አይጥ ሰው ባይሆንም፣ ያለ ጊዜያቸው ተወልደው መብራት በማይጠፋበት የሆስፒታል ክፍል ለሚያድጉ ሕፃናት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ማታ መብራቱን የማደብዘዝ አሠራርም በአንዳንድ አገሮች ሆስፒታሎች ተግባራዊ ሆኗል።

በፈተና ሰሞን ሌሊቱን በደማቅ መብራት ሥር ለምታነጉ ተማሪዎችም ነገሩ ይመለከታችኋል። የሌሊት ብርሃን የውስጡን ሰዓት ወደ ኋላ ይጎትታል፤ የማለዳ ብርሃን ደግሞ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። አባቶቻችን የቀኑን ሰዓት ከፀሐይ መውጣት ጀምረው «አንድ» ብለው ይቆጥራሉ። የሰዓት እምብርታችንም ብትጠየቅ ቆጠራዋን ከዚያው ከማለዳው ብርሃን ብትጀምር የምትመርጥ ይመስለናል።